«እችለዋለሁ» ሲባል ምን ተባለ? የስኳር ሕመምተኛ አስታማሚዎች በራስ መተማመን እንዴት ይለካል

እናቴን ስኳር ከያዛት አሥራ አራት ዓመት አልፏል። መርፌዋን የምትወጋት፣ ምግቧን የምትመጥንላት፣ ቀጠሮዋን የምታስታውሰው ታላቅ እህቴ ናት። አንድ ቀን በክትትል ክፍሉ በር ላይ ተራ ስንጠብቅ መጠይቅ የያዘች ወጣት መጣችና እህቴን «የእናትዎን ስኳር ለመቆጣጠር በራስዎ ይተማመናሉ?» ብላ ጠየቀቻት። እህቴ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ «ምን አደርጋለሁ፣ እችለዋለሁ» አለች። ልጅቷ ወረቀቷ ላይ ከተደረደሩት አምስት ሳጥኖች መካከል «በጣም እተማመናለሁ» በሚለው ላይ ምልክት አድርጋ ወደ ቀጣዩ ሰው አለፈች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሌሊት እናቴን ላብ አጠመቃት፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሯ ይምታታል። እህቴ «ስኳሯ ተነሳ» ብላ ኢንሱሊኑን በሲሪንጁ መሳብ ጀመረች። ደግነቱ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇ መለኪያውን ይዞ መጣና የአያቱን ጣት ወጋ። 48 አለ። ስኳሯ ተነስቶ ሳይሆን ወርዶ ነበር። ያ መርፌ ቢወጋ ኖሮ ምን ሊከተል ይችል እንደነበር ለማሰብ ዛሬም አልደፍርም።

እህቴ ለመጠይቁ አልዋሸችም። «እችለዋለሁ» ያለችው «እሸከመዋለሁ፣ እታገሠዋለሁ» ለማለት ነው። ወረቀቱ የሰማው ግን «አውቀዋለሁ፣ አይሳነኝም» የሚለውን ነው። የዚህ ዳሰሳ ጉዳይ በእነዚህ ሁለት መቻሎች መካከል ያለው ርቀት ነው። የስኳር ሕመምተኛን በቤት የሚረዱ ሰዎች በችሎታቸው ላይ ያላቸውን እምነት ለመለካት በዓለም ላይ ምን ሲሠራ ቆየ? ሥራውስ ወደ አማርኛና ወደ እኛ ቤት ሲገባ ምን ይገጥመዋል? (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

የሐሳቡ ምንጭ

ነገሩ የሚጀምረው ከእባብ ፍርሃት ነው። በ1925 ካናዳ ውስጥ አልበርታ በሚባለው ግዛት ሙንዳር በምትባል ትንሽ ከተማ የተወለደውና በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ያስተማረው የሥነ ልቦና ሊቅ አልበርት ባንዱራ፣ እባብ ሲያዩ የሚርዱ ሰዎችን ፍርሃታቸውን እንዲያሸንፉ ይረዳ ነበር። በዚህ ሥራው አንድ ነገር አስተዋለ። አንድ ሰው የተባለውን ድርጊት ይፈጽም እንደሆነ ቀድሞ የሚናገረው የሰውየው አጠቃላይ ድፍረት ሳይሆን «ይህችን አንድ ነገር ማድረግ አያቅተኝም» የሚለው እምነቱ ነበር። በ1977 ሐሳቡን በጽሑፍ አወጣው፤ በሥነ ልቦና ታሪክ እጅግ ከተጠቀሱት ጽሑፎች አንዱ ሆነ።

ባንዱራ ይህ እምነት ከአራት ቦታ ይመነጫል ይላል። የመጀመሪያውና ብርቱው ራስ ሞክሮ ማሳካት ነው። ሁለተኛው እንደ ራስ ያለ ሰው ሲያሳካ ማየት፣ ሦስተኛው ከሚታመን ሰው አፍ የሚሰማ ማበረታቻ፣ አራተኛው ደግሞ ልብ ሲመታ ወይም እጅ ሲንቀጠቀጥ ሰው ከራሱ ሰውነት የሚያነበው ምልክት ነው። በእኛ ጤና ተቋማት አስታማሚው በብዛት የሚደርሰው ሦስተኛው ብቻ ነው፤ ለዚያውም በጥድፊያ። «አይዞሽ፣ ቀላል ነው» ይባላል፤ ሲሪንጁ ግን እጇ ላይ አይቀመጥም።

መለኪያ ለሚሠሩ ሰዎች ባንዱራ በ2006 መመሪያ አውጥቷል። ከመመሪያው ሦስት ምክሮችን ልምረጥ። አንደኛ፣ ጥያቄው ስለ አንድ የተለየ ድርጊት ይሁን፤ «ስኳርን መቆጣጠር» የሚባል ድርጊት የለም፤ መለካት፣ መውጋት፣ እግር ማየት፣ ምግብ መመጠን ግን አሉ። ሁለተኛ፣ «ታደርጋለህ?» ሳይሆን «ማድረግ ትችላለህ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ የመጀመሪያው ሐሳብን ይለካል፣ ሁለተኛው ችሎታን። ሦስተኛ፣ ጥያቄው ከቀላል ወደ ከባድ ደረጃ ይኑረው። ለማለማመጃ ያቀረበው ምሳሌ ክብደት ማንሳት ነው፤ ይህን ያህል ታነሳለህ? ከዚህስ የከበደውን? ለእኛ ጀሪካን ይሻላል። አምስት ሊትር ውሃ ተሸክሞ ዳገት መውጣት፣ አሥር ሊትር፣ ሃያ ሊትር። ሁሉም ሰው ባዶ ጀሪካን ይሸከማል፤ በባዶ ጀሪካን የሚለካ ጥያቄ ማንንም ከማንም አይለይም።

መለኪያዎቹ ማንን ጠየቁ?

የስኳር ሕመም መለኪያዎች ለረጅም ጊዜ የጠየቁት ሕመምተኛውን ነው። በብዙ ቋንቋዎች ከተተረጎሙት አንዱ የኔዘርላንዱ ያፕ ቫን ደር ባይልና ባልደረቦቹ በ1999 ያወጡት ባለ 20 ጥያቄ መለኪያ ነው። የስታንፎርዷ ኬት ሎሪግ ቡድን አጭሩን፣ ባለ 8 ጥያቄውን አዘጋጀ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ደግሞ ሕመምተኛው በሕመሙ ላይ ሥልጣን እንዲሰማው የሚል መነሻ ይዘው 28 ጥያቄ ያለው፣ በኋላም ወደ 8 ያጠረ መለኪያ ሠሩ። ሁሉም ጥሩ ሥራዎች ናቸው። ግን ሕመምተኛው ለራሱ የሚወስን፣ ገበያ የሚወጣ፣ ምግቡን ራሱ የሚያበስል ሰው እንደሆነ አድርገው ይነሳሉ። የእናቴን ምግብ የምታበስለው እናቴ አይደለችም።

ቤተሰብ ወደ ሥዕሉ የገባው በልጆች በኩል ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ራሱን መውጋት ስለማይችል ተመራማሪዎች ሳይወዱ በግድ ወደ እናቱ ዞሩ። በ1987 ለታዳጊ ሕመምተኞች የተሠራ ባለ 35 ጥያቄ መለኪያ በ1998 ለእናቶች ተቃኝቶ ወጣ። በዚያው በ1987 ዳንኤል ኮክስና ባልደረቦቹ ስኳር መውረድን መፍራት ራሱን የቻለ የሚለካ ነገር ነው ብለው መጠይቅ አዘጋጁ፤ ቆይቶ የወላጆች ቅጂም ተጨመረበት። ይህ ፍርሃት እንዲያው የመጣ አይደለም። በአሜሪካና በካናዳ 1,441 ሰዎችን ይዞ ለዓመታት የተካሄደውና በ1993 ውጤቱ የታተመው ታላቁ ጥናት ስኳርን አጥብቆ መቆጣጠር የዓይን፣ የኩላሊትና የነርቭ ጉዳትን በእጅጉ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ያው ጥናት ግን አጥብቆ መቆጣጠር ከባድ የስኳር መውረድን ወደ ሦስት እጥፍ እንዳሳደገም አሳየ። ሐኪም ጥቅሙን ሲያይ ሌሊት አልጋ አጠገብ የምትቀመጠው እናት ያየችው ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ ብዙ ወላጆች ስኳሩን ሆን ብለው ትንሽ ከፍ አድርገው ያሳድሩታል። እነዚህ እናቶች ሰነፎች አይደሉም። ብቻዋን በሌሊት ሊመጣባት ለሚችል ነገር ዝግጁ ነኝ ብላ የማታምን ሰው የምታደርገውን ነው ያደረጉት።

የአዋቂ ሕመምተኛ ቤተሰብስ? በ1986 ራስል ግላስጎውና ባልደረቦቹ ቤተሰብ የሚያደርጋቸውን የሚረዱና የሚጎዱ ነገሮች የሚመዘግብ ባለ 16 ነጥብ ዝርዝር ሠሩ። «የምግብ ሥርዓትህን ስለጠበቅህ ያመሰግንሃል?» ከሚለው ጎን «ስለ ምግብህ ይነዘንዝሃል?» የሚል አለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጄምስ ኮይንና ባርባራ አንደርሰን፣ ከልጆችና ታዳጊዎች ቤተሰብ ተነስተው ቢሆንም፣ ነገሩን ወደ ጥልቁ ወሰዱት፤ በፍቅር የተጀመረ እርዳታ ወደ ጭቅጭቅ ተለውጦ ታማሚው በእልህ ተቃራኒውን እስኪያደርግ ድረስ ሊጨነግፍ እንደሚችል አሳዩ። ይህን ማንም አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ያውቀዋል። «አባዬ ተው ይሄን ቅባት» ሲባል አባት ሌላ ሁለት ጉርሻ ይጨምራሉ።

ከስኳር ሕመም ውጪ ደግሞ በእርጅና በሚመጣ የመርሳት ሕመም ዙሪያ ሁለት መለኪያዎች ተሠርተዋል። ስቲቨን ዛሪት በ1980 ያወጣው መጠይቅ፣ ዛሬ 22 ጥያቄ ያለው፣ የአስታማሚውን ሸክም ይለካል። በ2002 አን ስቴፈንና ባልደረቦቿ ያወጡት ደግሞ ችሎታን ይለካል፤ ከሚጠይቃቸው ሦስት ነገሮች አንዱ «አንድ ቀን እንዳርፍ ተተኪ ለመጠየቅ አያቅተኝም ወይ?» የሚል ነው። ከሁሉም መለኪያዎች ይህን ክፍል እወደዋለሁ። እህቴ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ «ዛሬ አንተ እደር» ብላ የጠየቀችኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ያልጠየቀችኝ ስላልደከማት አልነበረም።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ቤተሰብን በስፋት የጠየቀው በ2013 ውጤቱ የታተመው ዳውን ቱ የተሰኘው ጥናት ነው። በ17 አገሮች ከ2,000 በላይ የስኳር ሕመምተኛ ቤተሰቦች ተጠየቁ። 35 ከመቶ የሚሆኑት ማስታመሙ ሸክም እንደሆነባቸው ተናገሩ፤ 61 ከመቶው ስኳሩ እንዳይወርድበት ይሰጋሉ፤ 37 ከመቶው እንዴት እንደሚረዱ አያውቁም፤ 39 ከመቶው ደግሞ በሕክምናው የበለጠ መሳተፍ ይፈልጋሉ። እነዚህን ቁጥሮች አንድ ላይ አንብቧቸው። መርዳት የሚፈልግ፣ የሚፈራ፣ ግን ምን እንደሚያደርግ ማንም ያላሳየው ሰው መልክ ይታያል። ከ17ቱ አገሮች አፍሪካዊቷ አልጄሪያ ብቻ ነበረች። የእኛ ቤት አልተጠየቀም። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2024 ግምቱ በዓለም ላይ 589 ሚሊዮን አዋቂዎች ከስኳር ሕመም ጋር እንደሚኖሩ አስታውቋል፤ ከአብዛኛው ሰው ኋላ አንድ አስታማሚ ቢቆም የአስታማሚው ቁጥር ምን ያህል እንደሚሆን መገመት ነው።

አማርኛ ሲገባበት

መለኪያ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሻገር የተለመደው መንገድ ይታወቃል። ሁለት ሰው ይተረጉማል፣ ሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሳል፣ ልዩነቱ ይታያል፣ ጥቂት ሰዎች ላይ ይሞከራል። ችግሩ «መቻል» የሚለው ቃል ይህን ወንፊት በሰላም ማለፉ ነው። ወደ አማርኛ ሲገባ ትክክል ነው፤ ተመልሶ ሲወጣም ትክክል ነው። የሚሳሳተው ለጥያቄው መልስ የሚሰጠው ሰው ልብ ውስጥ ሲደርስ ነው።

በአማርኛ «ችሎ ኖረ» ስንል ታገሠ ማለታችን ነው። «ቻይ ናት» የምንላት ሴት ብዙ የምታውቀዋ ሳትሆን ብዙ የምትሸከመዋ ናት። በዚያ ላይ «መውጋት ትችያለሽ» ፈቃድም ይሆናል፤ ነርሷ ፊት የተቀመጠች ምራት «እኔ እንድወጋ ይፈቀድልኛል ወይ?» ብላ ልትሰማው ትችላለች። አንድ ቃል ውስጥ ችሎታ፣ ትዕግሥትና ፈቃድ ተቀምጠዋል። ባንዱራ ግን የሚፈልገው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ታዲያ ቋንቋው ራሱ መውጫውን ይዟል። «እችለዋለሁ» ከተባለ፣ ተሳቢው በግሱ ላይ ተለጥፎ፣ ትዕግሥት ያደላል። «ብቻዬን ሆኜ፣ ሌሊት፣ የወረደ ስኳር መለየት እችላለሁ» ሲባል ግን ድርጊቱ ስለተጠራና ሁኔታው ስለተነገረ ትዕግሥት ቦታ ያጣል። ከዚህ የሚሻል ሌላ ቃልም አለን፤ «ማቃት»። «እዚህ ላይ ያቅትሻል?» ብትሏት እህቴ ያለ ኀፍረት ትመልስላችኋለች። «አቃተኝ» የችሎታ ቃል ነው፤ «ከበደኝ» የሸክም፤ «ሰለቸኝ» የድካም። ሦስቱን እናቶቻችን ሳይምታታባቸው ይለያሉ። አንዲት ሴት ምንም ሳያቅታት ሊከብዳት ይችላል፤ ሳይከብዳት ሊያቅታት ይችላል። ለመጀመሪያዋ የሚያስፈልጋት ተተኪ ነው፤ ለሁለተኛዋ የሚያሳያት ሰው ነው። መጠይቁ ሁለቱን ካልለየ ለተተኪ ፈላጊዋ ትምህርት እንሰጣለን፣ ለትምህርት ፈላጊዋ «አይዞሽ» እንላለን።

እዚህ ላይ ለተመራማሪዎች ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መለኪያ አንድ ወጥ ነው ለማለት ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ሊ ክሮንባክ በ1951 ያስተዋወቀው አልፋ የሚባለው ቁጥር ነው፤ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ በተስማሙ መጠን ወደ 1 ይጠጋል። አሁን ሃያው ጥያቄ ሁሉ «እችለዋለሁ» በሚል ቃል ተሠራ እንበል። ቻዮቹ ሃያውንም ከፍ አድርገው ይመልሳሉ፣ የሰለቻቸው ሃያውንም ዝቅ ያደርጉታል። አልፋው ያማረ ይሆናል። ያማረው ግን መለኪያው ትዕግሥትን በደንብ ስለለካ ነው። ከፍ ያለ አልፋ መለኪያው ትክክለኛውን ነገር መለካቱን አይነግረንም፤ በዚህ ሁኔታ እንዲያውም ስሕተቱን ሸፍኖ ያሳልፈዋል። መልሱ ያለው ቁጥር ከመሰብሰቡ በፊት አሥር አሥራ አምስት አስታማሚዎችን አስቀምጦ «ይህ ጥያቄ ምን የጠየቀሽ ይመስልሻል?» ብሎ በማዳመጥ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ይሉኝታ ነው። ጥያቄውን የምትጠይቀው መድኃኒቱን የምትሰጠዋ ነርስ ከሆነች ማን «አላውቅም» ይላል? በሌላ በኩል «እኔ እችላለሁ» ማለት ከትዕቢት የሚቆጠርበት ቤት አለ፤ ያደገችበት ትሕትና «እግዚአብሔር ያውቃል» ያስብላታል። አንዷ ከሚገባት በላይ፣ ሌላዋ ከሚገባት በታች ትቆጠራለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን፤ አለማወቅንም መደበቅ ያው ነው። ጠያቂው ከሕክምና ቡድኑ ውጪ ቢሆን፣ ታማሚው በሌለበት ቢጠየቅ፣ ጥያቄውም «ብዙ አስታማሚዎች ይህ ያቅታቸዋል፤ አንቺስ?» ብሎ ቢጀምር በሩ ሰፋ ይላል።

ሦስተኛው ከዜሮ እስከ መቶ የሚለው ሚዛን ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናት ስልሳ ከመቶ ምን እንደሆነ እንዲያስቡ ማስገደድ አይገባም። አሥር የባቄላ ፍሬ እፊታቸው ይቀመጥ፤ «ምንም የማያቅትዎ ከሆነ አሥሩንም ያስቀምጡ፣ ፈጽሞ የሚያቅትዎ ከሆነ ምንም አያስቀምጡ» ይባሉ። በፍሬና በጠጠር ክምር መጠን ማስለካት በአርብቶ አደር አካባቢ የእንስሳት በሽታ ጥናት ላይ ሲሠራበት የቆየ ዘዴ ነው።

ደግሞስ ማን ነው አስታማሚ? ቃሉ አልጋ ላይ የተኛ ሰውና ራስጌው የተቀመጠ ሰው ያስመስላል። ስኳር ያለበት ሰው ግን ገበያ ይወጣል፣ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ሥራ ይውላል። ስለዚህ ወጡን የምትሠራዋ ልጅ «አስታማሚ ነሽ?» ሲሏት «ኧረ እናቴ አልተኛችም» ትላለች። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ እየደወለች «ለካችሁላት?» የምትለው፣ መለኪያና ስትሪፕ በሰው የምትልከው ልጅም አለች፤ የላከችው ስትሪፕ እቤት ካለው መለኪያ ጋር ሳይገጥም ሲቀር የምትበሳጨውም እሷው ናት። የእሷም መተማመን ይለካ እንደሆነ መወሰን አለበት። እኔ ይለካ እላለሁ፤ ጥያቄዎቹ ግን ሌላ ይሁኑ።

ከእስራኤል የሚገኝ ትምህርት

ይህን ሁሉ በአማርኛ በብርቱ የተጋፈጠው ያልጠበቅነው ቦታ ነው። በ1984 እና 85 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ የስኳር ሕመም በመካከላቸው ብርቅ ነበር። በጥቂት ዓመታት ግን ፈጥኖ ተስፋፋ፤ ገና በ1988 በወጣቶቹ መካከል መጠኑ ከፍተኛ እንደሆነ የሚያሳይ ጥናት ታተመ። በሐዴራ ከተማ በሂለል ያፌ ሆስፒታል ትሠራ የነበረችው ሐኪም ዶክተር አናት ያፌ ከማኅበረሰቡ ሰዎች ጋር ሆና በ1998 ድርጅት አቋቋመች፤ ስሙ «ጤና ብሪዑት» ነው፤ አንዱ ቃል አማርኛ፣ ሌላው ዕብራይስጥ፣ ትርጉማቸው አንድ። ከዚያው ማኅበረሰብ የወጡ፣ ቋንቋውንም ወጉንም የሚያውቁ አስተማሪዎች ከሐኪሙና ከቤተሰቡ መካከል ቆሙ።

ከዚያ ቤት የሚታየው ነገር ለመለኪያ ሠሪ ውድ ነው። የመድኃኒቱን ዕብራይስጥ ጽሑፍ የሚያነበው ልጅ ነው፤ ስለሚበላው የሚወስኑት ግን አባት ናቸው። ልጁ ማንበብ አያቅተውም፤ የሚያቅተው ለአባቱ «ይህን አይብሉ» ማለት ነው። ችሎታው ሙሉ፣ ሥልጣኑ ባዶ። አዲስ አበባም ጎንደርም ይህ ልጅ አለ። ለታላቅ መናገር ለእኛ ራሱን የቻለ ክህሎት ነው፤ ከመርፌ ይልቅ የሚከብደው እሱ ነው። ከምዕራቡ ዓለም የመጡት መለኪያዎች ይህን በአንድ ተራ ጥያቄ ያልፉታል።

ታዲያ ምን ይጠየቅ?

ቤታችን ውስጥ ያለውን ሁሉ። ይህ ክፍል ቢረዝም አንባቢ ይታገሠኝ፤ ጉዳዩ ያለው እዚህ ነው።

ስለ ስኳር መውረድ ልጀምር፤ ፈጥኖ የሚገድለው እሱ ነውና። በዴሲ ሊትር ደም ከ70 ሚሊ ግራም በታች ሲሆን ወርዷል ይባላል። ሰውየው የሚውጥ ከሆነ ወደ 15 ግራም የሚጠጋ፣ ማለትም ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠት፣ 15 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና መለካት፣ ካልወጣ መድገም። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይጨመርም፤ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው። እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ኪኒን የሚወስድ ከሆነ ስኳሩ ወጥቶ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ስለሚችል «ደህና ሆነ» ተብሎ መተኛት የለም። ጥያቄውም በደረጃ ይውጣ። ቀን፣ ሰው ባለበት መለየት አያቅትሽም? ሌሊት፣ ብቻሽን? መለኪያው ስትሪፕ ጨርሶ ቢሆንስ? እሷ «ምንም አልሆንኩም፣ ተዪኝ» እያለች ብትቆጣሽስ?

ኢንሱሊኑ ላይ ደግሞ መጠኑን መሳብ ብቻ አይበቃም። ደመናማውን ጠርሙስ በመዳፍ መሃል ቀስ ብሎ ማንከባለል፣ አንድ ቦታ ደጋግሞ ከመውጋት መቆጠብ፣ ፍሪጅ በሌለበት ማቆየት አሉ። ሐኪሞች ያለ ድንበር ቡድንና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በኬንያ ዳዳብ የስደተኞች ጣቢያ በተለካው የቤት ሙቀት፣ ማለትም ከ25 እስከ 37 ዲግሪ ሲዋዥቅ፣ ኢንሱሊን ለአራት ሳምንት ኃይሉን እንደሚጠብቅ አሳይተዋል። ገጠር ውስጥ እርጥብ አሸዋ ባለበት ሸክላ ኢንሱሊን የሚያኖሩ እናቶች የሚኮሩበት ዜና ነው። መብራት ሲጠፋ ምን እንደምታደርግ የምታውቅ ሴት ከፍ ያለ ነጥብ ይገባታል።

ምግቡስ? «ጤናማ ምግብ ማዘጋጀት ትችላለህ?» የሚለው ጥያቄ ባዶ ጀሪካን ነው። የእኛ ሃያ ሊትር ሠርግ ቤት ነው። አክስት በእጇ ጉርሻ ይዛ «በሞቴ!» ስትል ከመካከል ገብቶ እጇን መመለስ፣ ያውም ሳያስቀይሙ፤ ይህ አያቅተኝም የምትል ልጅ አሥሩንም ባቄላ ታስቀምጥ። ጾምም እንዲሁ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረመዳን ወር ሙሉ። መርፌ የምትወስድ እናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹም ስትል፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባቷንም ወይም ሼኹንም አነጋግሮ መስማማት የልጅ ሥራ ነው። ጸበል ስትሄድ መድኃኒቷን ይዛ እንድትሄድ ማግባባትም። በኤችአይቪ ጊዜ ጸበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም የሚለው ቃል ከያኔው ፓትርያርክ ከአቡነ ጳውሎስ አንደበት ተሰምቶ ነበር፤ ለስኳርም ቤተሰቡ የሚይዘው ተመሳሳይ ቃል ያስፈልገዋል።

እግር ማየትን አንርሳ። ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ የራሱን ውስጥ እግር አያይም፤ ነርቩ ከደከመ ሚስማር ቢወጋውም አይሰማውም። በየማታው የሚያየው ሌላ ሰው ነው። የአባትን እግር ማጠብ በእኛ ዘንድ ክብር ስለሆነ ይህ ከሁሉም የሚቀልለን ይመስለኛል።

መተማመን ግን ብቻውን አይለካ። እህቴ ያን ሌሊት ኢንሱሊኑን የሳበችው በፍጹም እርግጠኝነት ነበር። ያለ ዕውቀት የሚመጣ መተማመን ከፍርሃት ይከፋል፤ የሚፈራ ሰው ቢያንስ ጎረቤት ይጠራል። ስለዚህ ከየጥያቄው ጎን አንድ «አሳዩኝ» ይኑር። ሲሪንጅ ይሰጣት፣ 18 ዩኒት ትሳብ። የወረደ ስኳር ምልክት ይነገራት፣ ምን እንደምታደርግ ትናገር። ሁለቱ ውጤቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አራት ዓይነት ሰው ይወጣል፦ የምታውቅና የምታምን፣ የምታውቅና የምትፈራ፣ የማታውቅና ያንንም የተረዳች፣ የማታውቅና የምትተማመን። ነርስ መጀመሪያ ቤቷ መሄድ ያለባት አራተኛዋ ዘንድ ነው። ነጥብ ብቻ ከታየ ግን «ውጤቷ ጥሩ ነው» ተብላ የምትታለፈው እሷ ናት።

ይህን ሥራ የሚሠሩት በጎንደር፣ በጅማ፣ በአዲስ አበባ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚጽፉ ነርሶችና የኅብረተሰብ ጤና ተማሪዎች ናቸው ብዬ አስባለሁ። እባካችሁ፣ ባለ ሃያ ጥያቄውን ተርጉማችሁ አራት መቶ ሰው ከማስሞላታችሁ በፊት አንድ ወር ከአስታማሚዎች ጋር በር ላይ ተቀመጡ። የሚሉትን በሚሉበት ቃል ጻፉ። መለኪያው ከእነሱ አፍ ይውጣ።

በቀደም እህቴን ወጥ ቤት አግኝቻት አሥር ባቄላ ሰጠኋት። «ሌሊት ነው፣ ብቻሽን ነሽ፣ እማዬን ላብ አጥምቋታል። ምን ያህል አያቅትሽም?» አልኳት። ስምንቱን አስቀመጠች። ሁለቱን እጇ ላይ ይዛ ቆየች።

«እነዚህስ?»

«ራሷን ከሳተችብኝ። እሱን ማንም አሳይቶኝ አያውቅም።»

ሁለቱን ባቄላ በወረቀት ጠቅልላ ከእናታችን የቀጠሮ ካርድ ጋር አስቀምጣቸዋለች። ቀጠሮው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።